ትርንጎ ያላለችው

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን ተናግሬያለሁ፤ ጎረቤት ማማቴንም ተናግሬያለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይተሳሰራል፤ "ሌላስ?" ሲሉኝ "ሌላ የለም አባቴ" እላለሁ። ግን ሌላ አለ። ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ፊታችሁን ስለማላየው ይቀልለኛል መሰለኝ።

ልጄ ትርንጎ አትሰማም። አገራችን መካነ ብርሃን ሳለን፣ ገና አፏን እንደፈታች፣ ማጅራት ገትር ያዛት። ነፍሷ ተረፈች፤ ጆሮዋ ግን አልተመለሰም። ለትምህርት ስትደርስ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ክፍል ጎንደር አለ ሲሉኝ ቤቴን ዘጋሁ፤ እሷን ይዤም ማራኪ የሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። የተማሪ ልብስ እያጠብኩ አስተማርኳት። የምልክት ቋንቋውንም ከእሷ እኩል ተማርኩ። ወንበር ሲጎድል፣ መምህር ሲቀር፣ መጽሐፍ ሲጠፋ ርዕሰ መምህሩ ደጅ የምቆመው እኔ ነበርኩ። መምህራኑ ከሩቅ ሲያዩኝ "ጠበቃዋ መጣች" እየተባባሉ ይበተኑ ነበር። ስሙን ወድጄው ነበር፤ ምን ይደበቃል?

ክፍሉ እስከ አራተኛ ብቻ ነበር። አራተኛን ስትጨርስ ወይ ከሚሰሙት ልጆች ጋር አምስተኛ መግባት፣ ወይ መስማት ለተሳናቸው የሚሆን አምስተኛ እስኪከፈት ከጓደኞቿ ጋር አንድ ዓመት መቆየት ነበረባት። እኔ ትግባ አልኩ። ርዕሰ መምህሩ ትቆይ አለ። ክረምቱን ሙሉ ደጅ ጠናሁ፤ በመጨረሻ ስብሰባ ተጠራ።

ያን ቀን ሳስበው ሕልም ሕልም ይለኛል። ጉሙ ከሜዳው ተነስቶ እስከ ቢሮው መስኮት ደርሶ ነበር። የሰዎቹ ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አያ አስማረ ነበሩ፤ ትርንጎን ባገኟት ቁጥር በሁለት እጃቸው አየሩን እየቀዘፉ በምልክት ሰላም ሊሏት የሚታገሉ፣ እሷም የምትስቅላቸው ሽማግሌ። ክርክሩ ሲከርር "ምነው ታዲያ ልጅቱን አትጠይቋትም? የምትማረው እሷ" ያሉት እሳቸው ናቸው።

የምልክት ቋንቋ መምህርቷ ወልዳ ቤቷ ነበረች። ከእኔ በቀር የሚያስተረጉም አልነበረም። ጠየቅኳት፤ ጥያቄውን በትክክል ነው የጠየቅኳት። ትርንጎ ትንሽ አሰበች፤ ከዚያ እጆቿ ቀስ ብለው ተነሱ። "ከጓደኞቼ ጋር ልቆይ። እዚህ የማወራው ሰው አለኝ። እዚያ ማንም የለኝም" አለች።

እኔ ወደ ሰዎቹ ዞሬ "አምስተኛ ልግባ፣ አልፈራም ትላለች" አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም፤ ምላሴም አልተሳሳተም። ለምን አልኩት? ከእኩዮቿ ወደኋላ እንዳትቀር ነው? አዎ፣ እሱም አለበት። ግን ርዕሰ መምህሩን ማሸነፍም ፈልጌ ነበር። ከሚሰሙት ጋር ተሰልፋ ጎረቤት እንዲያያትም ፈልጌ ነበር። አፍ ሆንኩላት እያልኩ ስመካ ኖሬ፣ አፍ ያስፈለጋት ዕለት የራሴን ተናገርኩ።

አያ አስማረ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "ሸጋ ልጅ" አሉና አጨበጨቡ፤ ሁሉም ተከተላቸው። ትርንጎ ጭብጨባውን አየች። የጠየቀችው የተፈቀደላት መስሏት፣ እሷም እየሳቀች አጨበጨበች።

ሰኞ አምስተኛ ክፍል ሳስገባት ክንዴን ይዛ "ለምን?" አለችኝ። ያኔ እንኳ እውነቱን መንገር እችል ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ግን በመጀመሪያው ውሸት ላይ ሁለተኛ ጨመርኩበት። "አያ አስማረ እምቢ አሉ" አልኳት። ስብሰባው ላይ ሲናገሩ ያየቻቸው እሳቸውን ስለነበር ታምነኛለች ብዬ ነው። አመነችኝ።

ለአዲሱ ክፍሏ ይመጣል የተባለው አስተርጓሚ አልመጣም። ትርንጎ ሰሌዳው ላይ ያለውን በሚያምር ጽሑፍ ትገለብጥ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አታውቅም። ድሮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ያየችውን ሁሉ ስታወራልኝ የማያርፉት እጆቿ ጉልበቷ ላይ ተቀመጡ። አያ አስማረ መንገድ ላይ እጃቸውን ሲያነሱላት ፊቷን ታዞራለች። "ምን በደልኳት? ምነው ተቀየመችኝ?" ብለው ጠየቁኝ። "ዕድሜዋ ነው አያ፣ ይተዋታል" አልኳቸው። እንደተቀየመቻቸው ሞቱ። ቀብራቸው አልሄድም አለች። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድኩ፤ አለቀስኩም። ሰው "ምን ያህል ብትወዳቸው ነው" አለ።

ዛሬ ትርንጎ ትልቅ ሰው ናት፤ መስማት የተሳናቸው ሕፃናትን ታስተምራለች። ሰው ሁሉ ያመሰግነኛል። እናንተም "ይኸው ለቁም ነገር በቃች አይደል?" ልትሉኝ ይሆናል። አትበሉኝ። የበቃችው መስማት ለተሳናቸው የሚሆነው አምስተኛ ተከፍቶ ጓደኞቿን መልሳ ካገኘች በኋላ ነው። ያ ክፍል ጠቅሟት ቢሆን ኖሮ እንኳ፣ ቃሏን የመለወጥ መብት ማን ሰጠኝ?

ሕልም አያለሁ። ያው ቢሮ ነው፤ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ሞልቶታል። ሁሉም በእጁ ያወራል፤ አያ አስማረ ሳይቀሩ አጥርተው ያወራሉ፣ ትርንጎም ትመልስላቸዋለች። እኔ ብቻ በአፌ እጮሃለሁ፤ ዞር ብሎ የሚያየኝ የለም። ስነቃ ማራኪ ነግቷል፤ ተማሪዎቹ ታክሲ ይሻማሉ።

ባለፈው ሳምንት ትርንጎ መጥታ ስለ አንድ ተማሪዋ አጫወተችኝ። ልጁ ሲጠየቅ ቀድሞ የሚመልስለት አባቱ ነው አሉ። "ልጁን አንድ ቀን እንኳ ጠይቆት አያውቅም" አለችኝ በእጇ፣ ተናድዳ። ከዚያ ፈገግ አለችና "አንቺ ግን እማ፣ ሁልጊዜ ትጠይቂኝ ነበር" አለች። እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኳቸው።

ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ የእናንተ ስላልሆነ ልትሰጡኝ አትችሉም። የበደልኳቸው ሁለት ናቸው። አንደኛው ከአፈር በታች ናቸው። ሁለተኛዋ ቅዳሜ ትመጣለች፤ ያን ቀን ያለችውን እንዳለችው፣ እኔም ያልኩትን እንዳልኩት፣ ፊቷን እያየሁ በእጄ እነግራታለሁ።