የታደለች ቃል በእኔ አፍ

ይህን የምነግራችሁን ነገር ከሁለት ሴቶች በቀር ማንም አያውቀውም። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ እንኳ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ እዚህ ስደርስ እዘልለው ነበር። «የቀረ አለ?» ሲሉኝ «የለም አባ» እላለሁ። ነበረ። ባሏ የተገደለባት ሴት ያየችውን ልትናገር ተነሥታ፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ ቃሏን ለወጥኩት። እያመነችኝ ለወጥኩት። የተናገረችውን ትቼ ያልተናገረችውን ተናገርኩ። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም አይደለም።

ያኔ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ፣ ዮቪል የሚባል ሰፈር ውስጥ በአንድ ያገር ልጅ ምግብ ቤት እሠራ ነበር። አዲስ አበባ እያለሁ እንግሊዝኛ ደህና አድርጌ ተምሬ ስለነበር፣ የእኛ ሰው ፍርድ ቤት ወይም ሆስፒታል ሲሄድ ለማስተርጎም የሚጠራው እኔን ነው። ታደለችንም ያወቅኳት በዚሁ ነው። የሆሳዕና ሰው ናት። ከባሏ ከላምቤቦ ጋር ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቶኮዛ ውስጥ ዳቦ፣ ወተትና ሻማ የሚሸጡባት፣ በዚያ አገር ስፓዛ የሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ነበረቻቸው። የውጭ ሰው ሱቅ በሚዘረፍበት ሰሞን፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰዎች መጥተው ሱቋን ሰበሩ፣ ዘረፉ፣ አቃጠሉ። ላምቤቦ ውስጥ እንዳለ ሞተ። እሷን ማዶ ያለች አንዲት የዙሉ እናት ጎትታ ቤቷ ስላስገባቻት ተረፈች። ከዚያ ቤት መስኮት ሆና ሁሉንም አየች።

የአገሩ ምክር ቤት የሚሰበሰበው ኬፕታውን ነው። የቃጠሎው ነገር ሲበዛ ግን አንድ ኮሚቴ ወደ ጆሃንስበርግ መጥቶ፣ መሃል ከተማ ባለ አዳራሽ ውስጥ፣ ሚኒስትሮችን በሕዝብ ፊት እንዲጠይቅ ተወሰነ። ከኮሚቴው አባላት አንዷ በዕድሜ የገፉ፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ እንደራሴ ነበሩ። አስተማሪ ነበሩ ይባላል። ቶኮዛ ድረስ ሄደው ታደለችን አገኟትና፣ እሳቸው ጥያቄያቸውን ከመጠየቃቸው በፊት ያየችውን በራሷ አፍ እንድትናገር ለመኗት። በአፍ መፍቻዋ በሀዲይኛ የሚያስተረጉም አልተገኘም። በአማርኛ ይሁን ተባለ። ማን ያስተርጉም ሲሏት የእኔን ስም ሰጠች።

አዳራሹ ውስጥ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። እኔ ያደግኩት የሚኒስትር መኪና ሲያልፍ ጥግ ይዘን በምንቆምበት መንገድ ዳር ነው። ሚኒስትር ማለት ለእኔ በቴሌቪዥን ሪባን የሚቆርጥ ሰው ነበር፤ የሚጠየቅ ሰው መሆኑን አላውቅም። እዚያ ግን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩና የፖሊስ ሚኒስትሩ እንደ ተፈታኝ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው «ጊዜዎ አልቋል» ሲላቸው ዝም ይላሉ። ጠያቂው «አልተመለሰልኝም» ካለ ደግመው ይነሣሉ። ማንም አይደነግጥም፣ ማንም አይያዝም።

እንደራሴዋ መጀመሪያ የያዙት የውጭ ጉዳዩን ነው። በዓለም መድረክ ሁሉ ስለ ሩቅ ሕዝቦች መብት እንናገራለን፣ መልካም ነው አሏቸው፤ ልጆቻቸው እዚህ የተቃጠሉባቸው የአፍሪካ አገሮች ሲጠይቁን ግን ምን ብለን ነው የምንመልሰው? ሚኒስትሩ ረጅም ንግግር አደረጉ። ወንድማማችነታችን የቆየ ነው፣ አምባሳደሮቹን በየጊዜው እናነጋግራለን፣ ይህ የወንጀለኞች እንጂ የመንግሥት ሥራ አይደለም አሉ። ሴትዮዋ ጨርሰው ሰሟቸውና፣ «እኔ ስለ ስብሰባችሁ አልጠየቅኩም። የምንመልሰውን ነው የጠየቅኩት» አሉ። ሚኒስትሩ ውሃ ጠጡ። ከዚያ መልሳቸውን እንደገና ጀመሩ። ይህን ያህል ትልቅ ነገር ፊት ቆሜ አላውቅም ነበር። ቤተ መቅደስ የገባሁ መሰለኝ። ታዲያ በቤተ መቅደስ ውስጥ ይዋሻል?

ከዚያ ተራው የፖሊሱ ሚኒስትር ሆነ፤ ታደለችም ተጠራች። ጥቁር ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፣ ግን አልተሰበረም። እንዲህ አለች፦

«ፖሊሶቹ የመጡት ቀድመው ነው። ሱቁ ሳይነካ መጥተዋል። መኪናቸውን ማዶ አቁመው፣ ተደግፈው አዩ። አንደኛውን እናውቀዋለን፤ በየቀኑ ከእኛ ቀዝቃዛ መጠጥ ይወስዳል። ለዘራፊዎቹ የጓሮውን በር በእጁ ያሳያቸው እሱ ነው። ላምቤቦ በስሙ ጠራው። እሳቱ ውስጥ ሆኖ፣ በስሙ እየጠራው ነው የሞተው።»

የፖሊሱንም ስም ተናገረች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የፖሊሱ ሚኒስትር ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው በደግነት አዩኝ። ከኋላቸው ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ ያስቀመጡ የፖሊስ አዛዦች ተደርድረዋል። በዚያች ቅጽበት ያሰብኩት ስለ ላምቤቦ አልነበረም። ስለ ታደለችም አልነበረም። ቃሉ የእሷ ነው፤ ድምፁ ግን የእኔ ነው ብዬ አሰብኩ። የጥገኝነት ወረቀቴ ጊዜው አልፏል። እኔ፣ ወረቀት የሌለው ሰው፣ ፖሊስ ገዳይ ነው ብዬ በሚኒስትር ፊት ልናገር? አፌን ከፈትኩ። «ፖሊስ ዘግይቶ ደረሰ። በዚህ ምክንያት ባለቤቴ ሞተ» አልኩ በእንግሊዝኛ። የዚያን ፖሊስ ስም አልጠራሁም።

ያስገደደኝ ሰው አልነበረም። የዛተብኝም፣ የገዛኝም የለም። ፈራሁ ብል እውነት ነው፤ ግን ደግሞ ተደንቄ ነበር፣ አድናቆቴም ከፍርሃቴ ጋር ተደባልቆ አሳነሰኝ። ያንን አዳራሽ ትልቅ ያደረገው እውነት ስለሚነገርበት መሆኑን አልተረዳሁም። ወንበሮቹና ሰዎቹ ትልቅ ያደረጉት መሰለኝ።

እንግሊዝኛ እምብዛም የማታውቀው ታደለች ከተናገርኩት አንዲት ቃል ለይታ ሰማች፤ «ሌት» የምትለዋን። በእንግሊዝኛ ዘገየ ማለት ነው። በዚህ አገር ግን ሰው ሲሞትም «ሌት ነው» ይባላል፤ ቶኮዛ ውስጥ ደንበኞቿ ስለ ሟቾቻቸው የሚሏት እንደዚያ ነው። ስለዚህ ስለ ባሏ ሞት እየተናገርኩላት መሰላት፤ የፖሊሱ ስም አለመነሣቱን በሐዘኗ ልብ አላለችም። ዞር ብላ «ተባረክ ወንድሜ» አለችኝ። እኔም ምርቃቱን ተቀበልኩ።

ሚኒስትሩ ተነሥተው ሐዘናቸውን ገለጹ። በአካባቢው የተሽከርካሪ እጥረት እንዳለ፣ ይህም እንደሚስተካከል ቃል ገቡ። ለእንደራሴዋ የተፈቀደላቸው አንድ ተከታይ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ መኪናዎቹ መቼ እንደሚመጡ ጠየቁበት። ያ ጥያቄ የታደለች ነበር። የላምቤቦ ነበር። እኔ ለመኪና ጉዳይ አስበላሁት።

እዚህ ላይ ቢያበቃ እንኳ የድንጋጤ ስህተት ነው እል ይሆናል። አላበቃም። ስብሰባው ሲበተን እንደራሴዋ ኮሪደሩ ላይ ደረሱብን። የታደለችን ሁለት እጆች ይዘው እኔን ጠየቁኝ።

«ብዙ ተናገረች፤ አንተ ግን ያሳጠርክ መሰለኝ። ያመለጠኝ ነገር አለ?»

የፖሊስ አዛዦቹ ሄደዋል። ሚኒስትሩም የሉም። ማንን ፈራሁ እንግዲህ? «የለም እመቤቴ፣ ሐዘን ስለሆነ እየደጋገመች ነው» አልኩ። ሁለተኛው ውሸቴ ይህ ነው። የመጀመሪያው በድንጋጤ ነው፤ ይህን ግን አስቤ አደረግኩት፤ የመጀመሪያውን እንዳይታይ ልሸፍነው።

ታደለች ወደ ቶኮዛ ተመልሳ መጠበቅ ጀመረች። ያ ፖሊስ ይጠየቃል፣ ይያዛል ብላ ነው። ያተረፈቻት የዙሉ እናትም ሁሉን አይታለች፤ ከጠሩኝ ሄጄ እመሰክራለሁ ብላ ተዘጋጅታ ነበር። ማንም አልጠራትም። ስለ ምን ይጥሯት? ያ ሰው እንደ ወትሮው በመኪናው ያልፍ ነበር። አንድ ቀን ታደለች ወደ ምግብ ቤቱ መጥታ ወደ ሆሳዕና ልትመለስ መሆኑን ነገረችኝ።

«ነገርኳቸው፣ ሰሙኝ፣ ዝም አሉ» አለችኝ። «ሳይሰሙ ዝም ቢሉ ይሻለኝ ነበር።»

ቆሜ ሰማኋት። ባል የወሰዱባት ሌሎች ናቸው። «እውነቴን ተናገርኩ፣ እውነት ግን ምንም አላመጣም» የሚለውን ሐዘን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሻንጣዋን ተሸክሜ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘኋት። በመስቀል በመስቀል እየደወለች፣ «ቃሌን ያደረስክልኝ፣ ተባረክ» እያለች ትመርቀኝ ነበር። እኔም አሜን እላለሁ። ስንት አሜን ዋጥኩ!

ዘንድሮ ስትደውል አሜን ማለት አቃተኝ። «እትዬ ታደለች፣ ቃልሽን አላደረስኩም» አልኳት። ያለችውን፣ ያልኩትን፣ ኮሪደሩ ላይ የዋሸሁትን አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ከወዲያ ሰው ሲስቅ፣ በዓል ሲያከብር ይሰማኛል። የምትሰድበኝ መስሎኝ ስጠብቅ፣

«እንግዲያ አልሰሙም ማለት ነው?» አለች።

«አልሰሙም።»

«እኔ እኮ ሰምተው መስሎኝ ስረግማቸው ኖርኩ።» ድምጿ እንደዚያን ቀን ዝቅ ያለ ነው፤ አሁንም አልተሰበረም። «ያቺ ጠያቂዋ ሴት አለች?»

«አለች። አሁንም ምክር ቤት ናት።»

«ይቅር በይኝ» አልኳት ያኔ።

«እሱ ይቆይ» አለችኝ። «መጀመሪያ ቃሌን መልስልኝ።»

ያኔ ሚኒስትሮች ሊጠየቁ ተቀምጠው ሳይ የተደነቅኩትን ያህል፣ ከዚያም በላይ፣ በዚህች ሴት ተደነቅኩ። እኔ እውነት ሞቷል ብዬ ቀብሬ ተቀምጬ፣ እሷ ገና እንዳልተነገረ ስታውቅ ተስፋዋን ከዚያው ከተወችበት አነሣችው።

እንደራሴዋን ሄጄ አገኘኋቸው። በጣም አርጅተዋል። ሁሉን ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። ኮሪደሩ ላይ እንደተጠራጠሩኝ፣ ግን አስተርጓሚን አለማመን ነውር መስሏቸው እንደተውት ነገሩኝ። ጥያቄውን አሁን ላለው ሚኒስትር እንደገና እንደሚያቀርቡት፣ እኔም ያደረግኩትን በኮሚቴው ፊት መናገር እንዳለብኝ አስታወቁኝ። እሺ አልኩ። የዙሉዋ እናት በሕይወት አለች፤ እመጣለሁ ብላለች። ታደለች ከሆሳዕና በቪዲዮ ትናገራለች።

የሚያስተረጉምላት ሌላ ሰው ነው። እኔ የምናገረው ስለ ራሴ ብቻ ነው። ያ ከዚያ በኋላ በመከራ ያሳደስኩትን ወረቀቴን ሊያስነጥቀኝ ይችላል፤ ይንጠቀኝ። እናንተን ይቅርታ አልለምንም። ይቅርታው የእሷ ነው፤ እሷም ገና አልሰጠችኝም።