ሁለቱ እንግሊዞችና አዲሱ ፓርቲ

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ ታክሲ እነዳ ነበር። አንድ ቀን ሌክ ሜሪት ከሚባለው ሐይቅ ዳር ሁለት አዛውንት እንግሊዞች፣ ባልና ሚስት፣ ጭኜ ወደ ኤርፖርት ጉዞ ጀመርኩ። ልጃቸውን ጠይቀው፣ ለምርጫ ወደ አገራቸው መመለሳቸው ነው። ገና በሩ ሳይዘጋ ጭቅጭቁ ተጀመረ። አንዳቸው የአንዱ፣ ሌላኛቸው የተቃራኒው ትልቅ ፓርቲ ደጋፊ ናቸው።

«ያንተ ሰዎች ፋብሪካውን ሁሉ ዘጉት!»

«ያንቺዎቹስ አገሩን በአድማ አላቆሙትም?»

እኔ ለሁለቱም ራሴን እነቀንቃለሁ።

መንገድ ላይ ባልየው ሲጋራ ሊገዙ ወረዱ። ሴትዮዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ሁለቱም አንገፍግፈውኛል። ድምፄን የምሰጠው በቅርቡ ለተቋቋመው ለሦስተኛው፣ ለአዲሱ ፓርቲ ነው። እንዳትነግርብኝ፤ ዕድሜ ልኬን ተከራክሬው አሁን ያሸነፈኝ ይመስለዋል» አሉኝ። እኔ በሕይወቴ መርጬ አላውቅም፤ ያኔ ግን ራሴ የመረጥኩ ያህል ልቤ በደስታ ዘለለ።

ኤርፖርት ደርሰን ሻንጣ ሳወርድ፣ ሽማግሌው ክንዴን ይዘው ከመኪናው ኋላ ወሰዱኝ። ፊታቸው ቀልቷል።

«ለሰው ካልተናገርኩት ልፈነዳ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ዘንድሮ የምመርጠው አዲሱን ፓርቲ ነው። እሷ ከሰማች ግን አለቀልኝ!»