የዶለዶመው ፑንታ

መካኒሳ አቦ አካባቢ ባለችው ክሊኒካችን የተከልኩት ጥርስ ሲነቃነቅ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። አንዱ በቶርኖ ማሽን ብረት ሲቀርጹና ሲበሱ ኖረው ጡረታ የወጡ የአንድ ባለሙያ ነበር። ከለቡ በታክሲ እየመጡ ሁልጊዜ ከቀጠሯቸው ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይደርሳሉ። የታች መንጋጋቸው ላይ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚቆምበትን ብረት ከተከልኩላቸው ከአንድ ወር በኋላ መጥተው በጣታቸው ነካ አድርገው አሳዩኝ። ይወዛወዛል። ስስበው ያለ ምንም ትግል ወጣ።

ሰበብ መፈለግ እችል ነበር። ግን እሳቸው ሲጋራ አያጨሱ፣ ስኳር የለባቸው። ያን ቀን እንዴት እንደሠራሁም አስታውሳለሁ፤ አጥንታቸው ጠንካራ ነበር፣ እኔ ደግሞ ቸኩዬ መሰርሰሪያውን ተጭኜዋለሁ።

"ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ይመስለኛል" አልኳቸው። "ስበሳው አጥንቱ ሳይግል አልቀረም። ከጋለ ይሞታል፤ የሞተ አጥንት ደግሞ ብረቱን አይዝም።"

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ "ልጄ፣ እስቲ ፑንታውን አሳዪኝ" አሉ። መሰርሰሪያውን ማለታቸው ነው።

አምጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

"ይሄ እኮ ዶልዱሟል። ስለት ከሌለው አይቆርጥም፣ ይፈትጋል። ስንት ሰው ላይ ሠራችሁበት?"

አላውቅም ነበር። አፈርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን መሰርሰሪያ ስንት ጊዜ እንደተጠቀምንበት መጻፍ ጀመርን።

አጥንቱ እስኪድን ወራት ጠበቅን። ሲመለሱ አዲስ መሰርሰሪያ እዚያው ፊታቸው ከማሸጊያው አወጣሁ። ከቀጭኑ ጀመርኩ፤ ፍጥነቱን ቀንሼ፣ ትንሽ እየበሳሁ መልሼ እያወጣሁ። ማሽኑ የቀዘቀዘ የጨው ውሃ በቀጭን ቱቦ ያፈሳል፣ ነርሷ ውሃውን ከአፋቸው በመምጠጫ ታወጣለች።

መሃል ላይ እጃቸውን አነሱ። ወዲያው አቆምኩ።

"አመመዎት?"

"አላመመኝም። ውሃው ቀረ።"

እውነትም ቱቦው ክንዴ ሥር ታጥፎ ነበር። አቃናነው፤ ነርሷ አጥንቱ ላይ የበሳሁትን ቀዳዳ በሲሪንጅ አጠበችው። ትንሽ አርፈን ቀጠልን። እኔ እየሠራሁ እሳቸው ጣሪያውን እያዩ ውሃውን ያዳምጡ ነበር መሰለኝ።

ከአራት ወር በኋላ ያን ቀን የተከልኩትን አዲሱን ብረት ብፈትሸው ንቅንቅ አላለም። ጥርሱን ገጠምኩላቸው። በመስታወት አዩትና ፈገግ አሉ።

"ቆሎ ይፈቀዳል?"

"ለጊዜው በሌላኛው በኩል፣ ጋሼ።"

"እሺ" ብለው ባርኔጣቸውን አደረጉ።