ተራራው ለማን ተሰጠ

ዘውዱ አርፎ መቀመጥ አይችልም። ጉና ግርጌ ያለችው የመንደራቸው ምንጭ በየበጋው እየቀጠነች ሄዳ፣ የካቲት ላይ አንድ እንስራ እስኪሞላ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም ተደግሞ ያልቅ ነበር። የወረዳው ባለሙያ መጥቶ፣ «ከምንጯ በላይ ያለው ተራራ ሦስት ዓመት ከከብትና ከመጥረቢያ ቢያርፍ፣ እርከን ቢሠራበት፣ ውኃው ይመለሳል» አለ። ሕዝቡም ማንበብን በራሱ ጥረት የተማረውን ዘውዱን የተራራውን ደንብ እንዲጽፍ መረጠው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ አነበበው። «ከዛሬ ጀምሮ ተራራው ክልል ነው።» ቃሉን ከባለሙያው የሰማው ነው፤ የተከለለ ለማለት። ሰው ሁሉ ዝም አለ። ዘውዱም ተስማሙ ብሎ ፈጣሪውን እያመሰገነ ወደ ቤቱ ገባ።

ሰኞ ማለዳ የመጥረቢያ ድምፅ ቀሰቀሰው። ቢወጣ፣ መንደርተኛው ተራራው ላይ ፈስሶ የቀረችውን የአስታ ዛፍ ይመነጥራል። ጋቢውን ሳይደርብ ሮጠ። መጀመሪያ ያገኘው ጎረቤቱን፣ ቆብ የጫኑትን እማሆይ አሰለፈችን ነው።

«እማሆይ፣ ምን ነካችሁ?»

«አንተው ለክልል ሰጠኸው። የባሕር ዳር ሰው መጥቶ ሳይረከበው ማገዷችንን እንውሰድ እንጂ።»

«ማን ሰጠ?»

«አንተ ነሃ። ያውም በደጀ ሰላም።»

ዘውዱ ሊስቅ ቃጣውና ቁልቁል የሚንከባለለውን አስታ ሲያይ ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። አንድ በአንድ ላስረዳ ቢል፣ ፀሐይ ሳትሞቅ ተራራው ያልቃል።

«እማሆይ፣ ለበሬዎ የሚያቆዩትን ሣር፣ ከብት የማይገባበትን፣ ምን ይሉታል?»

«ጥብቅ ነዋ።»

«ባለቤቱስ?»

«እኔ ነኛ፤ ማን ሊሆን ነው?»

«ተራራውም ጥብቅ ነው። ባለቤቱም እኛው ነን።»

እማሆይ መጥረቢያቸውን አወረዱ። «ታዲያ እንዲህ አትልም? ፊደል ሲበዛ እንዲህ ነው።» ከዚያም እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ላይ ተጣሩ። «ጥብቅ ነው ይላል፤ ለክልል አልተሰጠም።» የሰማው ላልሰማው እየተቀባበለ ጥሪው ሸንተረሩን ዞረ፤ መጥረቢያዎቹም አንድ በአንድ ዝም አሉ።

«የቆረጥሁትን ግን አልመልስም» አሉ እማሆይ።

«አይመልሱ።»

ዘውዱ ያን ቀን ደንቡን አርሞ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ግን ጎሕ ሲቀድ ተራራውን ሳይዞር እህል አይቀምስም።

በሦስተኛው ዓመት፣ የካቲት ላይ፣ ምንጯ ዳር ተቀምጦ ውዳሴ ማርያም ጀመረ። ሳያጋምሰው እንስራው ሞልቶ ፈሰሰ። ግንባሩን መሬት አስነክቶ ተነሣ። የቀረውን ጸሎት ግን ተቀምጦ አልጨረሰውም፤ ከላይ የላም ቃጭል የሰማ መስሎት፣ እየደገመ ዳገቱን ተያያዘው።