ስምንት ጃንጥላ በአንድ ጀልባ

በቦንጋ የሐዋሳን ስም የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ያያት ግን ጥቂት ነው። በዚያን ዘመን ክልላችን የሚተዳደረው ከሐዋሳ ስለነበር ሹመቱም፣ ዝውውሩም፣ በጀቱም ከዚያ ነበር የሚመጣው። የመሥሪያ ቤት ሰዎች ለስብሰባ ወይም ለስልጠና ይሄዱና ስለ ዓሣና ስለ ሐይቅ እያወሩ ይመለሳሉ። አበል የሌለን እኛ እንሰማለን።

እኔ ሬዲዮና ቴፕ እጠግን ነበር። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፤ የሞቱ ሬዲዮኖችን እየፈታሁና መልሼ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። ከዚህ ይሁን ከተፈጥሮዬ፣ አንዲት ብሎን ከተራዋ ከወጣች ሌላ ነገር ማሰብ አልችልም።

በሐይቅ ላይ በጀልባ የመንሸራሸሩን ሐሳብ ያመጣው ከጎኔ ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊ ጓደኛዬ ነው። ሐይቁ የተፈቀደው ለመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ነው ወይ ብሎ ጀመረ፤ በሳምንቱ ሚስቱን፣ ከጤና ጣቢያው ሁለት ነርሶችንና እኔን አሳምኖ ነበር። ነገሩ የሕይወት ጉዳይ የሆነው ግን ለመምህሩ ነው።

መምህሩ ከጣና ዳር ተመድቦ የመጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ጋር ከተዋደዱ ቆይተዋል። እሷ የማንኪራ ልጅ ናት። ያሳደጓት አጎቷ ናቸው፤ ጫካ ውስጥ ቀፎ የሚሰቅሉ፣ ቡና የሚለቅሙ፣ ከሦስት ቃል በላይ መናገር የማይወዱ ሰው። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተልኮባቸው ሁለቱንም ጊዜ ማር አቅርበው፣ በደንብ አስተናግደው፣ "ላስብበት" ብለው መልሰዋል። የሚያስቡት ምን እንደሆነ እናውቅ ነበር። በቦንጋ ከሌላ አገር የመጣ መምህር ሁሉ መሳቢያው ውስጥ የዝውውር ማመልከቻ አለው ይባላል። አጎቷን የከበዳቸው ልጃቸውን ለመምህሩ መስጠት አይደለም፤ ለጣና መስጠት ነው።

ጸሐፊዋ ከእኛ ጋር መሄድ እንደምትፈልግ ስትነግራቸው፣ እሳቸውም እንደሚሄዱ ተናገሩ። ልብስ ሰፊው ይህን ሲሰማ ደስታውን አልቻለም። ሰው በመንገድ ይታወቃል፣ ይምጡ ብሎ መምህሩን መከረው። መምህሩም ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ "ሐይቅ ዳር ነው ያደግኩት። ውኃ ላይ ካዩኝ ነገሩ አለቀ" አለን።

የጉዞው መሪ እኔ ሆንኩ። የመረጡኝ ስለማልናገር ነው፤ የማይናገር ሰው ከማንም አይጣላም አለ ልብስ ሰፊው። ችግሩ፣ መሪ ደግሞ መናገር አለበት። የእኔ ድምፅ ከጠረጴዛ ማዶ አይሻገርም። ስለዚህ ከሺሺንዳ ገበያ ፊሽካ ገዛሁ።

ከዚያ ልምምድ ጀመርን። በልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ጀልባ በጠመኔ ሣልኩ። ጀልባ አይቼ ስለማላውቅ ስፋቱን መምህሩን ጠየቅሁት። "ሰፊ ነው" አለኝ። ስንት ክንድ ይሆናል ብዬ ብጠይቀው፣ እንደ ጀልባው ነው አለና ሰዓቱን አይቶ ሄደ። ነገሩ ትንሽ ከነከነኝ፤ ግን ያላየሁትን ነገር ካየ ሰው ጋር መከራከር አልወደድኩም። አግዳሚ ወንበሮች ደረደርኩ፣ ሰዉን እንደየክብደቱ ግራና ቀኝ አካፈልኩ። መምህሩን ከአጎቷ አጠገብ አስቀመጥኩት። ይህ የጉዞው ዋና ብሎን ነበር።

ምልክቶቹ ሦስት ነበሩ። አንድ አጭር ፊሽካ መቀመጥ፣ ሁለት አጭር መነሳት፣ አንድ ረጅም ጃንጥላ መክፈት። ሦስተኛው ለቦንጋ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። እኛ ዘንድ ዝናብ እንደ ጎረቤት ነው፣ ሳያንኳኳ ይገባል። ያለ ጫማ የሚወጣ ሰው አይቻለሁ፣ ያለ ጃንጥላ የሚወጣ ግን አላየሁም። ስለዚህ ጃንጥላ ያልያዘ አይሳፈርም ብዬ አወጅኩ፤ ከሁሉም ሕጎቼ ያለ ክርክር ያለፈው ይህ ብቻ ነው። ማታ ማታ በረንዳው ላይ ስነፋ፣ ሲቀመጡ፣ ሲነሱ፣ ጃንጥላ ሁሉ አንድ ላይ ሲከፈት መንገደኛው ቆሞ ያየን ነበር። አንድ የግብርና ሠራተኛ ጠጋ ብሎ፣ ስልጠናው የማን እንደሆነና አበል እንዳለው ጠየቀኝ። አጎቷ ከማንኪራ በመጡ ቀን እሳቸውም ያለ አንድ ቃል ተለማመዱ። ጃንጥላቸው ጥቁር፣ እጀታው የእንጨት፣ ከሁላችን ትልቅ ነበር።

ሚኒባስ ተከራይተን በዳውሮ በኩል አቋርጠን ሶዶ አደርን። በማግስቱ ከሰዓት በፊት ሐዋሳ ገባን። አጎቷ ሐይቁ ዳር ቆመው ውኃውን ከዳር እስከ ዳር ቃኙት። የሚያውቁት ውኃ ሁሉ ወደ አንድ ቦታ የሚሄድ ነው።

"ይሄ ወዴት ነው የሚወርደው?" አሉ በመጨረሻ።

መምህሩ ተራው እንደደረሰ አወቀ። ይህ ሐይቅ መውጫ ወንዝ እንደሌለው፣ የገባው ውኃ እዚያው እንደሚቀር በደንብ አስረዳቸው።

"እዚሁ ነው የሚኖረው?"

"እዚሁ ነው ጋሼ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐይቁን የወደዱት መሰለኝ።

ጀልባው ከሣልኩት በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ቢሆንም ተራዬን አላፈረስኩም። ጀልባ ነጂው ኮፍያውን ወደ ኋላ ያዞረ ወጣት ነበር፤ ብርቱካንማ መንሳፈፊያ ጃኬት አለበሰንና በእጃችን ያለውን ጃንጥላ አየ። ሰማዩ ጥርት ያለ እንደሆነ ነገረን። ከቦንጋ ነው የመጣነው አለው ልብስ ሰፊው፣ ይህ በቂ መልስ ይመስል። መምህሩ የተሳፈረው ከሁሉም በኋላ ነው። አንድ እግሩን አስገብቶ ሌላውን መሬት ላይ ብዙ አቆየው፤ አንዷ ነርስ ጎተተችው። ከተቀመጠ በኋላ ስለ ጣና የጀመረውን ወሬ አልጨረሰም።

ጉማሬ ወዳለበት ዳርቻ ስንሄድ ከማዶ ደመና መጣ፤ ነፋስም አብሮት። አንዲት ጠብታ እጄ ላይ አረፈች። ጠበቅሁ። ሁለተኛዋ አረፈች። ፊሽካዬን አውጥቼ ረጅሙን ነፋሁ።

ስምንት ጃንጥላ እንደ አንድ ሰው ተከፈተ። በልምምድ እንኳን እንዲህ አምሮ አያውቅም። አንድ ትንፋሽ ያህል ጊዜ በሕይወቴ ኮርቼ የማላውቀውን ያህል ኮራሁ። ከዚያ ነፋሱ ጃንጥላዎቹ ሥር ገባ።

ሞተሩ ወደ ጉማሬዎቹ ይሄዳል፣ እኛ ወደ ማዶ። ጀልባው አፍንጫውን አዞረና በጎኑ መንሸራተት ጀመረ። ነጂው እንድንዘጋ ይጮኻል፤ ድምፁን ነፋስ ይወስደዋል። የእኔ ሰዎች ደግሞ ከፊሽካ በቀር ማንንም እንዳይሰሙ ያስተማርኳቸው ናቸው። የመዝጊያ ምልክት እንዳላወጣሁ ያስታወስኩት ያን ጊዜ ነው። አንድ አጭር ነፋሁ፤ ተቀምጠው የነበሩት ይበልጥ ተቀመጡ። በድንጋጤ ሁለት አጭር ነፋሁ፤ ልብስ ሰፊው ሊነሳ ሲል ሚስቱ በኮቱ ጎትታ አስቀመጠችው። ያለ ሐሳብ ረጅሙን ደገምኩ፤ ጃንጥላዎቹ ከፍ አሉ። የአንዷ ነርስ ተገልብጦ ከእጇ ወጣና እንደ ዳክዬ ብቻውን እየተንሳፈፈ ሄደ።

መምህሩ የራሱን ጥሎ አጎቷን በሁለት እጁ አቅፎ ነበር። ፊቱን ጋቢያቸው ውስጥ ቀብሯል። "ጋሼ፣ እባክዎ አይልቀቁኝ" ይላል፣ ደጋግሞ።

አጎቷ ወደ ታች አዩት። ከዚያ ጥቁሩን ጃንጥላቸውን ቀስ ብለው ዘጉ፣ ክሩን ጠመጠሙ፣ ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ሽማግሌ ሲዘጋ ማን ክፍት ይተዋል? አንድ በአንድ ተዘጋ። ጀልባው ተቃና። ዝናቡ ሳይጀምር ቀርቶ ነበር።

"አንተ፣ ሐይቅ ዳር ነው ያደግኩት አላልክም?" አሉት።

"ዳር ነው ጋሼ" አለ፣ ከጋቢው ሳይወጣ። "እናቴ ወገቤን ከምሰሶ ጋር በገመድ አስራ ነው ያሳደገችኝ። ጀልባ ላይ የወጣሁት ዛሬ ነው።"

ጸሐፊዋ አፏን በእጇ ይዛ ነበር፤ አልሆነላትም። "ዋና አስተምርሻለሁ ብሎኝ ነበር እኮ" ብላ ሳቀች፣ ሁላችንም ተከተልናት። አጎቷ አልሳቁም። የመምህሩን ጀርባ፣ እንደ ደነገጠ ፈረስ፣ ቀስ እያሉ መታ መታ ያደርጉ ነበር። ጉማሬ አላየንም። ልብስ ሰፊው እንደሚለው ጉማሬዎቹ እኛን አይተው ሸሽተዋል።

መምህሩ በመልሱ መንገድ በሙሉ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀመጠ። ጎበዝነቱን ሊያሳያቸው ሄዶ እቅፋቸው ውስጥ ገብቶ መመለሱ ነው። ሦስተኛው ሽምግልና ይቅር አለ። እኛ ግን ላክን፤ ልብስ ሰፊው እኔም ከሽማግሌዎቹ ጋር እንድሄድ ፈረደ። ጥፋቱ የፊሽካው ስለሆነ ባለ ፊሽካው ይቅረብ ብሎ።

ማንኪራ በዝናብ ደረስን። በዕድሜ ትንሹ ስለሆንኩ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ ስለ መምህሩ ጠባይ፣ ስለ ወላጆቹ፣ ስለ ደመወዙ ተናገሩ። አጎቷ ማሩን አቅርበው እንደ ልማዳቸው ሰሙ። ከዚያ ሁሉንም አልፈው እኔን አዩኝ።

"አንተ የጀልባው አለቃ፣ ልጁ ወደ አገሩ ይመለሳል?"

ሽማግሌዎቹ በሙሉ ዞሩ። አይመለስም ብል ጥሩ ነበር፤ እውነት መሆኑን ግን አላውቅም። የማላውቀውን መናገር አልችልም።

"መመለሱን አላውቅም ጋሼ" አልኩ። "በጀልባ ግን አይመለስም።"

ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሲስቁ ሳያቸው ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ድምፅ የለውም።

"በመኪናስ?"

"በመኪና ለበዓል ይሄድ ይሆናል። እናቱ አሉ።"

ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታ ይሰማል። አንዱ ሽማግሌ የጨው ያህል ትንሽ ማር በጣቱ ጫፍ አንስቶ ሳይቀምስ ቀረ።

"ለበዓል ይሂድ" አሉ። "እሷንም ይውሰዳት፣ እናቱ ይዩዋት። ውኃ እንዲህ የሚፈራ ሰው፣ በዓሉ ሲያልቅ ወደ ጫካው ይመጣል።"

ሽማግሌዎቹ ተነስተው መረቁ። ስንወጣ ዝናቡ በርትቶ ነበር። አጎቷ ሊሸኙን ጥቁሩን ጃንጥላ ከግድግዳው አወረዱና በሩ ላይ ቆሙ። አልከፈቱትም፤ እኔን ነበር የሚያዩት። ፊሽካው ኪሴ ውስጥ እንዳለ እንዴት እንዳወቁ እንጃ።

"በል እንጂ" አሉኝ።

ሽማግሌዎቹ ግራ ገብቷቸው እያዩን፣ ረጅሙን ነፋሁ።