የኖሲ ቤው ሰውዬ ዘር

ሰው ከዳተኛን «እስስት» ብሎ ሲሰድብ ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ስድስት ዓመት እስስት አሳድጌያለሁ፤ አንድም ቀን አልዋሸኝም። ሲቆጣ ይጠቁራል፣ ሲሞቀው ይፈዛል፣ ሲታመም ዓይኑ ወደ ውስጥ ይገባል። ያለውን ነው የሚያሳየው። የዋሸኝ መልኩን የማይለውጥ፣ እሁድ እሁድ ነጠላ አጣፍቶ የሚያስቀድስ ሰው ነው።

ወንዱን እስስት የሰጡኝ ኢስት ዮርክ ውስጥ እኔ የማጸዳው ሕንፃ ላይ ይኖሩ የነበሩ አንድ ካናዳዊ ሽማግሌ ናቸው። ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሊገቡ ነበር፤ እዚያ ደግሞ እንስሳ አይፈቀድም። የሽቦ ቤቱን፣ መብራቱንና አንድ የተጣጠፈ ወረቀት ጨምረው አስረከቡኝ። ወረቀቱ ላይ የእስስቱ አባት፣ አያትና ቅድመ አያት ተዘርዝረዋል፤ ሁሉም ኖሲ ቤ ከምትባል የማዳጋስካር ደሴት ናቸው።

«እያረጀ ነው» አሉኝ። «ከራሱ ደሴት ሴት ፈልግለትና አንድ ጊዜ ይውለድ። ከዚህ ዘር የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።»

ቃል ገባሁላቸው። ባለቤቴ የመጀመሪያ ቀን ስታየው አማተበች፤ በሳምንቱ «ሰውዬህ ውሃ ጠምቶታል» ማለት ጀመረች። ስሙም ሰውዬው ሆኖ ቀረ።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። የዚህ ዓይነት እስስት መልኩ እንደ ትውልድ ቦታው ይለያያል። የኖሲ ቤ ወንድ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ሰማያዊ የገባበት አረንጓዴ ነው። አምቢሎቤ የሚባለው አገር ወንድ ጎኑ ላይ ቁልቁል የወረዱ ቀያይ መስመሮች አሉት። የታማታቭ ደግሞ ቀይና ነጭ ይበዛበታል። ፎቶግራፍ ሳስተያይ ከርሜ ወንዱን ከሩቅ መለየት ችዬ ነበር። ሴቶቹ ግን ከየትም ይምጡ ከየት፣ ሁሉም የደበዘዘ ኮክ ይመስላሉ። ሴቷን የሚለያት ወረቀቷ ብቻ ነው። ይህን አውቅ ነበር። ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝም ማወቄ ነው።

ሴት ስፈልግ ወራት አለፉ። በመጨረሻ በኢንተርኔት ማስታወቂያ ሬክስዴል የሚኖር አንድ ያገሬን ልጅ አገኘሁ። ቤቱ ሄጄ በረዶውን ከጫማዬ አራግፌ ገና ሳልቀመጥ «ከየት ነህ?» አለኝ። ከአዲስ አበባ ነኝ አልኩት። «የአባትህን አገር ነው'ኮ!» አውራጃውን ነገርኩት። ወረዳውን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። አያቴ ስም ድረስ ወርዶ ጭኑን መታና «የኛው ሰው!» አለ። የገበያውን ቀን፣ የወንዙን ስም ጠራልኝ። አውራጃውን እዚህ አልጠቅስም፤ ያገሩ ሰው ምን አደረገ። ከአባቴ ጋር በሠርጌ ምክንያት ከተቆራረጥን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖን ነበር፤ ያንን ወንዝ በአባቴ አነጋገር ሲጠራው ሆዴ ባባ።

«ሴቷ ሀንድረድ ፐርሰንት ኖሲ ቤ ናት፣ ብሮ» አለኝ።

«ፔፐር አላት?» ብዬ የዘር ወረቀቷን ጠየቅሁ፣ ለወጉ ያህል።

«ኧረ በናትህ! በኔና ባንተ መሀል ፔፐር? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰማህም?»

አፈርኩ። አዎ፣ ያፈርኩት እኔ ነኝ! ይቅርታ ጠይቄው፣ እስስቷን በጨርቅ ከረጢት አድርጌ ካፖርቴ ሥር ሸጉጬ፣ አውቶቡስ እየቀያየርኩ ቶርንክሊፍ ፓርክ ቤቴ ገባሁ። እሱ የኔን ዘር እስከ አያቴ አጣርቶ ነበር። እኔ የእስስቷን እናት እንኳ አልጠየቅሁም።

ከሰውዬው ጋር አገናኘኋትና ሃያ ሁለት እንቁላል ጣለች። በፕላስቲክ ዕቃ አድርገን ቁምሳጥን ውስጥ ስምንት ወር ጠበቅናቸው። ሰውዬው መፈልፈላቸውን ሳያይ ብርዱ ሲገባ ሞተ። አላለቀስኩም፤ ዘሩ ቁምሳጥን ውስጥ አለ ብዬ ተጽናናሁ። አሥራ አራቱ ተፈለፈሉ፤ ሁሉም ጣት የማያህሉ፣ ሁሉም ግራጫ። ስድስት ወር ሲሞላቸው አንዱ ወንድ ጎኑ ላይ ቀላ ያለ ነገር አየሁ። የመብራቱ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። በሳምንቱ መስመር ሆነ፤ ልክ እንደ አምቢሎቤ ወንድ ቁልቁል የወረዱ አምስት ቀያይ መስመሮች። ከዚያ ወንድሙ ላይ ወጣ፤ ከዚያ በሌላው ላይ። የነዚህ እናት ወገኖች ከኖሲ ቤ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር አልነበረም።

ደወልኩለት።

«ታዲያ ምን ሆነ?» አለኝ። «ትንንሽ ሆነው ማን ይለያቸዋል? አንተም ኖሲ ቤ ብለህ ሽጣቸዋ!»

አልካደም፣ አላፈረም፤ ሳቀ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይሉ የለ? ሰርዶው እኔ ነበርኩ። ከአፌ ይወጣል ብዬ የማላስበውን ስድብ ሰድቤው ስልኩን ዘጋሁ። ከጫጩቶቹ አንዱንም ኖሲ ቤ ብዬ ለሰው አልሰጠሁም፤ ያ ግን ሰውዬውን አይመልስም።

የባለ ቀይ መስመሮቹን ፎቶግራፍ ይዤ ሽማግሌው ዘንድ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

«ወረቀት አልሰጠህም?»

«ያገሬ ልጅ ነው» አልኳቸው።

«እሱስ ይሁን፤ እንስሳዋስ?» አሉኝ።

ፎቶውን መለሱልኝ፤ የገባሁላቸውን ቃል አላነሱብኝም። ቢያነሱትና ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መንገዱን ሙሉ ስብሰለሰል መጣሁ። ቤት ስገባ የአሥር ዓመቷ ልጄ የፌንጣውን ኩባያ ይዛ ትንንሾቹን ልታበላ ሽቦ ቤቱ አጠገብ ቆማለች። ካፖርቴን ሳላወልቅ ጮህኩ።

«ዘሩን አበላሸው! ያንን የመሰለ ንጹሕ ዘር በማይታወቅ ደም በከለው! ሁሉም ድቅል ናቸው፣ ለምንም አይሆኑም!»

ባለቤቴ ከኩሽና ወጣች። የሷ አባት አገር ከኔ አባት አገር ሌላ ነው፤ ቋንቋውም ሌላ ነው። እጇን በፎጣ እየጠረገች አየችኝ።

«ይሄን ንግግር አውቀዋለሁ» አለችኝ። «በሠርጋችን ሰሞን አባትህ በስልክ ሲሉህ አጠገብህ ነበርኩ።»

እውነቷን ነው። አባቴ «ዘራችንን አበላሸህ» ነበር ያለኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ያልደወልኩለት በዚሁ ቃል ነው። በዚያ ሬክስዴል ባለው ውሸታም ላይ ያለኝ ንዴት ዛሬም አልበረደም፤ ውሸት ውሸት ነው። ይህን ቃል አፌ ውስጥ የከተተው ግን እሱ አይደለም።

ልጄ ኩባያውን እንደያዘች ነበር። አንዴ እኔን፣ አንዴ ባለ ቀይ መስመሩን እስስት አየች።

«ዳዲ» አለችኝ፣ «ላብላቸው ወይስ ይቅር?»

«አብያቸው» አልኳት። ቀና ብዬ ፊቷን ማየት ግን አቃተኝ።