ከውጭ የተቆለፈ በር

"ቤት ነው ያለው" የሚለውን ንግግር ያህል የሰለቸኝ ነገር የለም። አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት በግራፊክስ ዲዛይን ተለማማጅነት ከተቀበለኝ ጀምሮ ሥራ ቦታዬ ደብረ ታቦር፣ እናቴ ቤት፣ የአልጋዬ ጠርዝ ነበር። አለቃዬ ቤት ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ ትርፍ ጊዜ ያለኝ ይመስላታል። ፊደሉ ይወፍር ትላለች፤ ሳወፍረው ይቅጠን ትላለች። ሰፈሩ ደግሞ ቤት ስለሆንኩ ሥራ ፈት አድርጎኛል። እህሉን ወፍጮ ቤት አድርስ፣ ላሟ ወጥታለች መልሳት። ከጋፋት የሚመጣው አጎቴ የልጁን የሠርግ ጥሪ ካርድ ሲያሠራኝ "አንተ ምን ትደክማለህ፣ የሚሠራው ኮምፒውተሩ!" ብሎኛል። ለእያንዳንዱ ማስረዳት ታከተኝና ተውኩት።

ነገሩ የገባቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ በአጥር የምንዋሰናቸው ሽማግሌ መሪጌታ። ሌላው በሩን በርግዶ ሲገባ እርሳቸው ደጃፍ ላይ ቆመው "ሥራ ላይ ነህ?" ይሉኛል። አዎ ካልኩ ይመለሳሉ። በጣም እወዳቸው ነበር።

ልምምዴ ሊያበቃ ሲል የመጨረሻ ሥራዬን በቪዲዮ ለደንበኛ እንዳቀርብ፣ ከተወደደም በቋሚነት እንደምቀጠር ተነገረኝ። የቀጠሮው ቀን ማለዳ ላይ የእድር ጥሩምባ ተነፋ። መሪጌታ ዐርፈዋል።

በእኛ ሰፈር ጎረምሳ ቤቱ እያለ ለጎረቤቱ ድንኳን ካልተከለ፣ ቃሬዛ ካልተሸከመ ከሰው አይቆጠርም። አለቃዬ ጋ ደወልኩ።

"አዝናለሁ፣ ደንበኛው ግን ሌላ ቀን አይመቸውም" አለችኝ። "ደግሞስ ቤትህ አይደለህ እንዴ?"

እናቴ ፊቴን አይታ ገባት። "ዓይንህ እስኪደክም የለፋህበት ነው፤ አትተወውም። እኔ ባሕር ዳር ወርዷል እላለሁ" አለች። ውሸት የምትጠላ ሴት ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ወጣች። ወዲያው በሩን ከውጭ በጓጉንቸር ቁልፍ ስትቆልፈው ሰማሁ። ሰው የተቆለፈ በር አያንኳኳም።

መብራት እንዳይጠፋ እየለመንኩ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጀመርኩ። ለማር ማሸጊያ የሠራሁትን ሥዕል አሳየሁ። ደንበኛው ቀልድ ይወዳል። "ይቺ ንብ ማሩን ራሷ ጨርሳው ነው እንዴ እንዲህ የወፈረች?" አለ። አለቃዬ ሳቀች። ተለማማጅ ነኝና እኔ ከእሷ ጎላ አድርጌ ሳቅሁ። እሱም ደስ ብሎት ሌላ ቀለደ፤ አሁንም ሳቅሁ። በመሀሉ መሪጌታ ትዝ ሲሉኝ ቶሎ ብዬ ወደሚቀጥለው ሥዕል አልፋለሁ።

ሲያልቅ አለቃዬ ጻፈችልኝ። ሥራው ተወዷል፤ እኔ ግን ጥቂት ተጨማሪ ልምምድ ያስፈልገኛል። ቤትህ ስለሆንክ አይከብድህም ብላ ጨመረችበት። ለመናደድ እንኳ አቅም አጥቼ አልጋው ላይ ጋደም አልኩ።

እናቴ ከቀብር ተመልሳ በሩን ከፈተች። ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር ነጠላዋን አወለቀችና ቁጭ አለች።

"አስከሬኑ ደጃችን ሲደርስ ካህናቱ አስቁመው ፍትሐት ደገሙ" አለች። "ይበልጥ ያለቀስነው እዚህ ነው። ለቅሶው ጋብ ሲል ሳቅህ ተሰማ። ባለቤታቸውም ሰሙ። ሁሉም ወደ ቁልፉ ዞሮ አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ።"

የማዳመጫውን ገመድ መጠቅለል ጀመርኩ።

"ይሁን፣ አለፈ" አለች። "ቀጠሩህ?"

"አልቀጠሩኝም።"

አሁን ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ የምር ሊገባት ፈልጋ ነበር።

"ታዲያ ምን አሳቀህ ልጄ?"